ከእጅ የማይበላ ውሻ

እንስሳ አውቃለሁ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ግፋ ቢል ለጥቂት ኩራት ነው። በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ግድም፣ ጢሜ ገና ሳይሞላ፣ የእንስሳት ጤና ረዳት ተብዬ ከሸዋ ወደ ቢቸና ስመደብ፣ በሬ ሲያቃስት ምኑን እንዳመመው ከድምፁ እለይ ነበር። ክትባት ስሰጥ ገበሬው አንዱን ወይፈን ጥሎ ቀና ሳይል እኔ ሌላው ላይ እደርሳለሁ። ያን ጊዜ የምንከትበው ከብት ለሚፈጀው ለደስታ በሽታ ነበር። ለእንዲህ ያለ እልቂት "ደስታ" የሚል ስም ያወጣው ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደነበር እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ታዲያ ጃፓናዊው መሬት ቀያሽ ውሻውን ሲሰጠኝ አላመነታሁም።

ቀያሹ ከመንገድ ጥናት ሠራተኞች ጋር መጥቶ ክረምቱን ቢቸና ያሳለፈ፣ ከወገቡ ጎንበስ እያለ ሰላምታ የሚሰጥ ዝምተኛ ሰው ነበር። በዚህ ጠባዩ ሰፈሩ ወዶታል፤ እጅ መንሳት የሚያውቅ ሰው ጎጃም ውስጥ ባዕድ አይባልም። ውሻውን የተቀበለው አዲስ አበባ ላይ፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ ወዳጁ ነው። ዘሩ "አኪታ" ይባላል አለኝ። ጀርባው ቀይ፣ ጉንጩና ሆዱ ነጭ፣ ጆሮው ቀጥ ያለ፣ ጅራቱ ተጠቅልሎ ጀርባው ላይ የተቀመጠ፣ ከሰፈሩ ውሾች ሁሉ በቁመት የሚበልጥ ነበር።

ነገሩን የጀመርኩት እኔው ነኝ። ኅዳር ላይ ቡድኑ በሞጣ አድርጎ ወደ ዓባይ ቆላ ሊወርድ ሲሰናዳ፣ "ውሻውን ቆላ ካወረድከው ገንዲ ይይዘዋል፤ እዚያ ከብት የሚጨርሰው የዝንብ በሽታ ውሻም አይምር" አልኩት። ሁለት ቀን አሰበበት። በሦስተኛው ቀን ውሻውን በገመድ ይዞ ደጄ ላይ ቆመ። አማርኛው ከሃያ ቃል አይበልጥም፤ ከሃያዎቹ አንዱ ግን "አደራ" ነበር። ገመዱን በሁለት እጁ አቀበለኝ፣ ጎንበስ አለና "አደራ። ግንቦት። ሞጣ" አለ። ግንቦት ላይ ከቆላ ተመልሰን ሞጣ ስለምንሰፍር እዚያ ድረስ አምጣልኝ ማለቱ ነው።

አደራ ደግሞ ቀልድ አይደለም። በኛ ዘንድ ሰው ሌብነቱ ይረሳለታል፤ አደራ በሊታነቱ ግን ለልጆቹ ይተርፋል።

ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር አሳየኝ። ቁራጭ ሥጋ መሬት ላይ አስቀመጠ። ውሻው ቁጭ አለ። ለሃጩ እየተንጠባጠበ፣ ዓይኑን ከጌታው ፊት ሳይነቅል ጠበቀ። ቀያሹ ሲጋራውን ለኮሰ፣ ግማሹን አጨሰ፣ ከዚያ በኋላ "ዮሺ" አለ። በላ። ቀጥሎ ሥጋውን እኔ እንድሰጠው በምልክት ነገረኝ። ዘረጋሁለት። ውሻው አየት አድርጎኝ ፊቱን አዞረ። ቀያሹ ፈገግ አለ፤ እኔ ግን ተናደድኩ። የራበው እንስሳ ፊት ምግብ አስቀምጦ ማስጠበቅ ግፍ መሰለኝ። የእኔን እጅ መናቁም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አላስደሰተኝም። "ስትመለስ ከዚህ የተሻለ ውሻ ነው የምትረከበው" አልኩት። አልገባውም፤ ጎንበስ ብሎ አመሰገነኝ።

የምኖረው የአንድ መሪጌታ ባልቴት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። አከራዬ ስምንት ልጅ አሳድገው የዳሩ፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ፣ አንደበታቸው ከኔ መርፌ የሚብስ ሴት ነበሩ። እኔ "እሜቴ" እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ሲያሾፉብኝ "የከብት ሐኪም"፣ ሲራሩልኝ "ልጄ" ይሉኛል። ግቢው የሳቸው ነውና ውሻውን ሳስገባ ፈቃድ ጠየቅኩ።

"ይጮኻል?" አሉኝ።

"ሲያስፈልግ ይጮኻል እሜቴ።"

"ሲያስፈልግማ እኔም እጮኻለሁ" ብለው ገቡ። ፈቃድ መሆኑ ነው።

ባገሩ ልማድ ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ሲመሽ ይፈታል። እንዲከፋ ደግሞ ሚጥሚጣ በእንጀራ ጠቅልለው ያጎርሱታል፤ አላፊ አግዳሚው በዱላ ይተነኩሰዋል። ሚጥሚጣውን ተውኩት፤ ሙያዬ አይፈቅድልኝም። ማሰሩን ግን አሰርኩት። ውሻው ጀርባውን ለሁላችንም ሰጥቶ ግድግዳ ግድግዳ እያየ ተቀመጠ። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። አንገቱ በገመዱ ተላጠ። በሦስተኛው ቀን ማታ ተሸንፌ ፈታሁት። ይሸሻል ብዬ ጠርጥሬ ነበር፤ አልሸሸም። ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረና በሩ አጠገብ ተጋደመ፤ ከዚያ ወዲያ ያን ቦታ ሥራዬ ብሎ ያዘው። በማግስቱም ሳህን አስቀምጬ "ዮሺ" ብለው በላልኝ።

የዚህ ውሻ ጠባይ የገባኝ ቀስ በቀስ ነው። አይጮኽም። "ውሻ በበላበት ይጮኻል" ይባላል፤ ይሄ በልቶ ዝም። እንግዳ ሲመጣ ይነሳና በበሩና በሰውየው መካከል ይቆማል፤ እኔ ወጥቼ ሰላምታ ስለዋወጥ መንገዱን ይለቃል። የጎረቤት ጥጃ በአጥሩ ቀዳዳ ስትገባ ሳይነክስ፣ ሳያጓራ፣ በደረቱ ገፍቶ ይመልሳታል። ያዘዙትን ሁለት ሦስቴ በደንብ ይፈጽማል፤ አራተኛ ከደገሙበት ያዛጋና ይሄዳል። ከጮኹበት ቀኑን ሙሉ ፊቱን አያሳይም። ጭቃ የነካውን እግሩን እንደ ድመት ሲልስ ይውላል። የቅኔ መምህር ጠባይ ነበረው፤ ደጋግሞ የሚጠይቅ ተማሪ ይሰለቸዋል፣ ያልገባው ተማሪ ግን አያናድደውም። ሰፈሩ "ዝምተኛው" ብሎ ስም አወጣለት። ግማሹ ይፈራዋል፣ ግማሹ ይንቀዋል፤ እኔ በበኩሌ ወደድኩት።

ችግር የመጣው በጥር ነው። የእሜቴ የማርያም ማኅበር ተራ ደረሰና ቤቱ በእንግዳ ሞላ። ጠላው ሲቀዳ፣ እንደ ወጉ፣ ቀጂዋ አስቀድማ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ ያልተቀመሰ ጠላ ማንም አይቀበልም። ማንም ማንንም ጠርጥሮ አይደለም፤ ነገር ግን በዚያ አገር መርዝ የሚለው ቃል ከምድጃ ብዙም አይርቅም። እሜቴ ደስ ብሏቸው ከራሳቸው ድርሻ ጮማ ያለው አጥንት አነሱና በሩ ላይ ወደተኛው ውሻ ሄዱ። "እንካ፣ አንተም የማርያም እንግዳ ነህ" ብለው ዘረጉለት።

ውሻው አሸተተ። ፊቱን አዞረ።

እሳቸው እጃቸውን አስጠጉ። ብድግ ብሎ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ አለና ተቀመጠ። ከእንግዶቹ አንዱ ሽማግሌ፣ ክፉ ሳያስቡ ይመስለኛል፣ "እንግዲህ እንስሳ የሚያየውን እኛ አናይም" አሉ። ይህን ጊዜ ከጎናቸው የነበረው ሰው ዋንጫውን ወደ አፉ ሲወስድ ከመንገድ መልሶ አስቀመጠው። እሜቴ አይተውታል። እኔም አይቻለሁ።

በማግስቱ ጧት "እንደምን አደሩ" ብል መልስ አጣሁ። ከሰዓት በኋላ ራሳቸው መጡ። "ሠላሳ ዓመት ማኅበር ሳወጣ ከእጄ የበላ ሰው ራሱን እንኳ አላመመውም። አሁን ውሻህ መርዘኛ አስባለኝ።"

ጃፓናዊው እንዲህ ስላስለመደው ነው ብዬ ባስረዳ ማን ይሰማኛል? ውሻ ምግብ እምቢ የሚለው መርዝ ሲኖርበት ብቻ ነው፤ አገሩ በሙሉ የሚያውቀው ይህንን ነው። "አስተምረዋለሁ እሜቴ" አልኩ።

"ምኑን?"

"ሰው ማክበር።"

አስተማርኩትም። እዚህ ላይ የእንስሳ ዕውቀቴ አላሳፈረኝም። ጎረቤቶችን አንድ በአንድ እየጠራሁ "ዮሺ" ማለትን አስጠናኋቸው። መጀመሪያ እኔ አጠገቡ ቆሜ፣ ቀጥሎ በሩ ላይ ሆኜ፣ በመጨረሻ ቤት ውስጥ ተደብቄ፣ ዮሺ ያለውን ሰው ሁሉ እጅ እንዲቀበል አደረግኩት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ቃሉም አላስፈለገም፤ የተዘረጋለትን ሁሉ የሚጎርስ፣ በአጥር የተወረወረለትን በአየር ላይ የሚቀልብ ውሻ ሆነ። በቅበላ ዕለት እሜቴ እነዚያኑ እንግዶች ጠርተው በፊታቸው በገዛ እጃቸው አጎረሱት። በላ፤ እጃቸውንም ላሰ። ሽማግሌው "ይኸው፣ ለመደ" አሉ። እሜቴ ያን ቀን "ልጄ" አሉኝ። ለአንድ ወር ያህል ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ፤ ቀያሹ ሲያየው ምን እንደሚል እያሰብኩ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር።

ሰሙነ ሕማማት ላይ ያበደ ውሻ ገበያ መሃል አንድ እህል ነጋዴ ነከሰ። ሰውየው ለመርፌ ወደ አዲስ አበባ ተላከ። የከተማው ሹም ጠሩኝ፤ የሚሉኝንም አውቀዋለሁ። ውሻ ማጥፋት በየሁለት ሦስት ዓመቱ የሚመጣ ሥራ ነው፤ ሥጋ ይቆረጣል፣ መርዝ ይገባበታል፣ በገበያው፣ በቄራውና በየቆሻሻ መጣያው ይበተናል። የሚቆርጠው፣ የሚመርዘው፣ የሚያስበትነው ደግሞ እኔ ነኝ። በጾም የሚያርድ ስለሌለ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባለው ረቡዕ እንዲሆን ተወሰነ፤ እስከዚያ ውሻ ያለው ሁሉ ይሰር ተብሎ ታወጀ።

ከሹሙ ቢሮ ወጥቼ ስሄድ አልተጨነቅኩም። አስረዋለሁ ብዬ ነበር። ፋሲካ ውሎ በማግስቱ ጧት ግን እሜቴ የዶሮ አጥንት በአጥሩ ላይ ሲወረውሩና ውሻው ዘሎ ሲቀልብ አየሁ፤ ባለሁበት ቀረሁ። ባለፈው ጊዜ የሞቱት ልቅ ውሾች ብቻ አልነበሩም። ቁራና ጭላት የተመረዘውን ሥጋ አንስተው እየበረሩ በየሰው ግቢ ይጥሉታል። ታስረው የነበሩ ውሾች ገመዳቸው እንዳለ ሞተው ተገኝተዋል። ሥጋው የአንድ ቀን ነገርም አይደለም፤ ሳር ውስጥ የወደቀው ከሳምንት በኋላ ይገኛል። ቤት ውስጥ ልዝጋበት ብል እስከ መቼ?

ያስተማርኩት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ቀያሹ መርዝ የማይነካ ውሻ ሰጠኝ፤ እኔ መርዝ በአየር ላይ የሚቀልብ ውሻ አደረግኩት። ያውም ሥጋውን የምቆርጠውና የምመርዘው እኔው ነኝ። ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በፊት በሥራዬ ፈርቼ አላውቅም።

ወደ እሜቴ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው።

"እንግዲህ ከእጄ እንዲበላ ያስተማርከውን፣ አሁን ከእጄ እንዳይበላ አስተምሪው እያልከኝ ነው" አሉ።

"አዎ እሜቴ።"

"አጥሩ ዝቅ ያለ ነው። ጎረቤት ያያል።"

"ያያል።"

"የማኅበሩ ሰዎችም ይሰማሉ።"

መሬት መሬት አየሁ። እሜቴ ሳላስበው ሳቁ። "መርዝ ሳይኖር መርዘኛ አስባለኝ፤ አሁን መርዝ ሲመጣማ ይናቀኝ እንጂ። የሰው አደራ ግቢዬ ውስጥ ሞቶ ከሚገኝ ብናቅ ይሻለኛል።" ነጠላቸውን አደግድገው ተነሱ። "ሥጋው የት አለ?"

ዘጠኝ ቀን ነበረን። የመጀመሪያውን ቀን አበላሸሁት። እሜቴ ሥጋ ሲዘረጉለት እሱ ዘሎ ሲጎርስ፣ እኔ ደግሞ ስፈራ ጊዜ ጮኽኩበት። ከቤቱ ኋላ ሄዶ ተኛ፤ እስከ ማግስቱ አላየኝም። እሜቴ "ስምንት ልጅ ሳሳድግ በጩኸት የተማረ አላየሁም" አሉኝ፤ የከብት ሐኪም አላሉኝም፤ ያ ነው ይበልጥ ያሳፈረኝ።

በሁለተኛው ቀን እንደ ሙያዬ አሰብኩ። "ዮሺ" ከእንግዲህ አይረባም፤ ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው ቁልፍ ነው። ማንም ሊለው የማይችል ነገር ያስፈልገኛል። ስለዚህ ቃል ተውኩ። የእኔ እጅ ማጅራቱ ላይ ካረፈ ይበላል፤ ካላረፈ አይበላም፤ ደንቡ ይኸው ነው። እሜቴ ሥጋ ይዘረጋሉ፤ ውሻው ሲንጠራራ መዳፋቸውን ይጨብጣሉ። ይዘረጋሉ፣ ይጨብጣሉ። ግራ ገብቶት ወደ እኔ ፊቱን ባዞረ ቅጽበት ማጅራቱን እይዝና ከራሱ ሳህን ላይ ጉበት እሰጠዋለሁ። ከዘረጉለት ሥጋ የሚበልጥ ነገር ከእኔ ዘንድ እንዳለ ሲገባው ፈጠነ። ሦስት ጊዜ ብቻ እንሠራና እናቆማለን፤ አራተኛ አንደግምም። ጧት ሦስት፣ ቀትር ሦስት፣ ከሰዓት ሦስት። በአራተኛው ቀን እሜቴ ጮማ ይዘው "እንካ፣ ልጄ" ሲሉት ዞር ብሎ ተቀመጠ። አጥር ተደግፋ ስታይ የነበረች ጎረቤት "ውይ፣ እንደገና ናቀዎት" አለቻቸው።

"ይናቀኝ" አሉ እሜቴ። "ከፈለግሽ አንቺም ግቢና ተናቂ።" ገባች፤ ተናቀችም። በማግስቱ አምስት ሰው ለመናቅ መጣ።

ፊት ለፊት የሚሰጥ ነገር ይህን ያህል አልከበደም። የከበደው እኔ የሌለሁ እንደሆነ ነው። በስድስተኛው ቀን ከግድግዳው ኋላ ተደብቄ አንድ ጎረቤት በአጥር ላይ ሥጋ እንዲወረውር አደረግኩ። ውሻው ሳህኑን አየ፣ የእኔን በር አየ፣ ሥጋውን አነሳና በላው። እንደገና አደረግን፤ እንደገና በላው። ሦስት ቀን ቀርቷል።

"ይሄማ ጌታው ሲያየው የሚጾም፣ ዞር ሲል የሚገድፍ ነው" አሉ እሜቴ። ከዚያ ለአንድ አፍታ አሰቡ። "ለመሆኑ ሕፃን ጡት የሚያስጥሉት በምን ይመስልሃል?"

"በምን ነው?"

"በእሬት ነዋ። ጡቱን እሬት ይቀቡታል፤ ሕፃኑ አንዴ ከቀመሰ እናቱ ብትለምነውም አይመለስ። ስምንቱንም በዚህ ነው ያስጣልኳቸው። የጃፓን ልጅ ከነሱ ይበልጣል እንዴ?"

ከጓሮው እሬት ቆርጠው ጭማቂውን ሥጋው ላይ አሹ። መራራነቱ እጃቸው ላይ ሁለት ቀን ስለቆየ እንጀራ ሲቆርሱ ሁሉ ፊታቸውን ያጨማድዱ ነበር። የተቀባውን ሥጋ እኔ ሳልታየው በየቦታው ጣልንለት፤ በአጥር ሥር፣ ሳር ውስጥ፣ በር ላይ። የመጀመሪያውን ነክሶ ተፋው፤ ከንፈሩን መሬት ላይ ሲጠርግ ዋለ። ሁለተኛውን አሽትቶ ተወው። ከዚያ ያልተቀባ ሥጋ ጣልንለት፤ ያንንም ተወው። እኔ ስመጣ ግን ያንኑ ሥጋ አንስቼ እጄን ማጅራቱ ላይ ሳሳርፍ አምኖ በላው። በዘጠነኛው ቀን ማታ "አለቀ" አልኳቸው። እሜቴ ግን "ነገ ያልቃል" አሉኝ።

ረቡዕ ጧት፣ ገና ሳይነጋጋ፣ ሥጋውን ራሴ ቆረጥኩት። የቁራጩ መጠን እንደ አውራ ጣት ነው፤ መሃሉን በቢላ ጫፍ ወግቼ መርዙን አስገባለሁ። የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኞች ይዘውት ሲወጡ አብሬያቸው ከቄራው እስከ ገበያው ዞርኩ። ቁራዎቹ ከእኛ ቀድመው ደርሰው ነበር። እያንዳንዱ ቁራ ወደየት እንደሚበር ዓይኔ ይከተለዋል። አንዱ ወደ እሜቴ ግቢ አቅጣጫ ሲያቀና ሥራዬን ጥዬ ልሮጥ አሰኘኝ፤ ግን ዘበኞቹ ይጠብቁኛል፤ ሥራዬን ሳልጨርስ አልሄድኩም።

ወደ ቤት የተመለስኩት ቀትር ሲሆን ነው። በሩን ከፍቼ ስገባ እሜቴ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ውሻው ግቢው መሃል በሆዱ ተኝቷል። ከአፍንጫው አንድ ክንድ ያህል ርቆ የአውራ ጣት መጠን ያለው ሥጋ ወድቋል። የማን ቢላ እንደቆረጠው አውቀዋለሁ። እሳቸውም ውሻውም አይንቀሳቀሱም።

"አትቸኩል" አሉ እሜቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ከረፋድ ጀምሮ እየተያየን ነው። ላነሳው ብነሳ እኔ የሰጠሁት መስሎት ግራ እንዳይገባው ብዬ አልተነሳሁም። ውሃ ጠማኝ።"

ቀስ ብዬ ሄጄ ሥጋውን በቅጠል ይዤ አነሳሁት። ውሻው ዓይኑን ወደ እኔ አቀና፤ ለሃጩ ከመንጋጋው እስከ መሬት ወርዷል። ርቦት ነበር። ርቦት ነበር፤ ግን አልነካውም። ሥጋውን ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት፣ እጄን ታጠብኩ፣ ሳህኑን አመጣሁ፣ ማጅራቱን ያዝኩት። በላ።

እሜቴ ውሃቸውን ጠጥተው ጨረሱ። "የኔን እጅ የናቀ የቁራ ይበላል ብለህ ነበር?" አሉኝ።

ግንቦት መጣ። ቀያሹና ጓዶቹ ሞጣ መስፈራቸውን ሰማሁና ውሻውን ይዤ በእህል ጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። እሜቴ እስከ በር ሸኙን። በእጃቸው ቁራጭ ሥጋ ይዘዋል። "አንዴ ብቻ" አሉ፤ ሌላ ነገር አልተናገሩም። እጄን ማጅራቱ ላይ አሳረፍኩ። ውሻው ከመዳፋቸው ላይ በጥርሱ ሳይሆን በከንፈሩ አነሳው። እሜቴ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው፣ ሳይሰናበቱን ገቡ።

መንገዱ በደብረ ወርቅ ነው። መኪናው በየዳገቱ እየቆመ ውሃ ሲጠጣ፣ ውሻው ጆንያው ላይ ተቀምጦ አገሩን ይመለከታል። እኔ በሆዴ ለቀያሹ የምለውን አዘጋጃለሁ። ያደረግኩትን ስህተት አልነግረውም፤ ሕያው ውሻ መልሼለታለሁ፣ ምን ቀረኝ? ስል ነበር።

ሰፈራቸው ከሞጣ ከተማ ዳር ነበር፤ ከድንኳኖቹ መካከል ቀያሹ ፀሐይ አጥቁሮት፣ ከስቶ ቆሟል። ውሻው ሲያየው አልዘለለም፣ አልጮኸም። ቀስ ብሎ ሄደና ሙሉ ጎኑን እግሩ ላይ አስደግፎ ቆመ። ቀያሹ ተንበርክኮ ፊቱን የውሻው ጸጉር ውስጥ ቀበረ። ሲነሳ ወደ እኔ ከቀድሞው ይበልጥ ጎንበስ አለ። ከዚያ ከድንኳኑ ሥጋ አመጣ፣ መሬት ላይ አስቀመጠ። "ዮሺ" አለ።

ውሻው ቁጭ ብሎ እኔን አየኝ።

"ዮሺ" አለ እንደገና። ውሻው ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። ቀያሹ ውሻውን አየ፣ እኔን አየ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ልጁ ሌላውን ሰው "አባዬ" ብሎ ሲጠራ የሰማ ሰው ይመስል ነበር። በመኪናው ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። አጠገቡ ተንበረከክኩ። የቀያሹን እጅ ያዝኩና ውሻው ማጅራት ላይ አስቀመጥኩት፤ የእኔን ደግሞ ከላይ። ውሻው በላ።

ሁለተኛ ሥጋ አስቀመጠ። አሁን የእሱ እጅ ብቻ ነው ያረፈው። ውሻው አሁንም ወደ እኔ ዞረ። እዚያ ላይ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ማንም አልነገረኝም፤ እንስሳ ስለማውቅ ግን አወቅኩት። ተነሳሁ፣ ጀርባዬን ሰጠሁት፣ ወደ ሞጣ ገበያ አቅጣጫ አየሁ። ግድግዳ ግድግዳ እያየ ሦስት ቀን የተቀመጠው ውሻ ትዝ አለኝ። ብዙ ቆየ። ከኋላዬ ሲያላምጥ ሰማሁ። ሳልዞር ወደ መኪናው ሄድኩ።

ቢቸና የደረስኩት በማግስቱ ሲመሽ ነው። እሜቴ እግሬን ሳላጥብ ጠሩኝ።

"በላ?"

"በላ እሜቴ።"

"ከማን እጅ?"

"ከጌታው።"

"እሰይ" አሉ። ምግብ አቀረቡልኝ። ከትናንት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም፤ ሳህኑ ፊቴ ተቀመጠ፣ እጄ ግን አልዘረጋ አለኝ። ለውሻ ሲል አለቀሰ እንዳልባል አቀርቅሬ ተቀመጥኩ። እሜቴ ከኋላዬ መጡ። ሸካራ መዳፋቸውን ማጅራቴ ላይ አሳረፉና ጠበቁ።

በላሁ።